«ብትገላገል ይሻላታል»፦ ስለ አካል ጉዳተኛ የጎዳና ድመቶች የሚባለውና እውነታው

ሦስት እግር ያላት ድመት ቤቴ ከገባች ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ «ውይ፣ ስታሳዝን!»። ቀጥሎ «ምን ሆና ነው?»። ከዚያ ምክሩ ይከተላል። የታዘነላት ድመት ይሄ ሁሉ ሲወራ መጋረጃው ላይ ተንጠልጥላለች።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጥተው ሄደዋል። አንዷ ዓይነ ስውር ነበረች፤ አንዷ ደግሞ ስትራመድ የምትንገዳገድ። ከጎዳና አንስቼ፣ አሳክሜ፣ የሚሆናቸው ቤት እስኪገኝ አስጠግቻቸዋለሁ። በዚህ መሃል ደጋግሜ የሰማኋቸውን ነገሮች ላንሳ። አብዛኞቹ ከክፋት የመጡ አይደሉም፤ ግን ልክ አይደሉም።

«ከምትሰቃይ ብትገላገል ይሻላታል»

በብዛት የሚባለው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እግር የሌላት ድመት ስናይ የምናስበው ራሳችንን ነው። እኔ ብሆን ምን ይውጠኝ ነበር እንላለን። ድመት «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ጭንቀት የላትም። ጉዳይዋ ምግቡ የት እንዳለና መስኮቱ ላይ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው። እግሯ የተቆረጠ ድመት ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተነስታ ለመራመድ ትሞክራለች። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቿ ስለሆኑ የኋላ እግር ማጣት ከፊተኛው ትንሽ ይቀላል። የፊት እግሯን ላጣችው ከከፍታ መውረዱ ይከብዳታል። ከሶፋው አጠገብ ዝቅ ያለ መረገጫ ብታስቀምጡላት ትለምደዋለች። ዋናው ነገር እንዳትወፍር ነው፤ ትርፉን ኪሎ የሚሸከሙት የቀሩት እግሮች ናቸው።

የእኔዋ ያጣችው የኋላ ቀኝ እግሯን ነው። ቀኝ ጆሮዋን ሲበላት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። የቀረችው ጉማጅ ቶሎ ቶሎ ትንቀሳቀሳለች፤ የሌለው እግር እያከከ ነው። ትንሽ ትጠብቃለች። ጆሮው አልታከከም። ዓይኗን ትገልጥና እኔን ታየኛለች። ሄጄ አክላታለሁ።

በእርግጥ በሐኪም እጅ ያለ ስቃይ እንድትሞት ማድረግ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሕመሙን ማስታገስ ካልተቻለ፣ መዳን የማይሆን ከሆነ። ይሄ ግን የሚወሰነው የእንስሳት ሐኪም መርምሯት እንጂ መንገድ ላይ አይቶ በማዘን አይደለም። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ጉሮሮዋ ውስጥ «ርርር» የሚለው ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም፤ ሲያማትም ታሰማዋለች። ምግብ መተው፣ ፀጉሯን መላስ ማቆም፣ ጥግ ይዞ መደበቅ፦ እነዚህን ነው ማየት።

«ትንገዳገዳለች፤ በሽታዋ ይጋባል»

የምትንገዳገደዋን ያመጣኋት ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ልጆቹን ከበሬ ላይ ሰበሰበ። አልፈረድኩበትም። ሰክራ የመጣች ነው የምትመስለው።

ከልደታቸው ጀምሮ የሚንገዳገዱ ድመቶች አብዛኞቹ ችግራቸው ከአንጎል ኋለኛው ክፍል ነው። እንቅስቃሴን የሚያመዛዝነው ይሄ ክፍል በደንብ ሳያድግ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እናትየው እርጉዝ ሳለች በአንድ የድመት ቫይረስ መያዟ ነው። መንገዳገዱ ራሱ አያምም፣ አይተላለፍም፣ ዕድሜ ሲጨምርም አይባባስም። ስትተኛ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። አንድ ነገር ላይ ስታተኩር ግን ይብሳል። የእኔዋ ወደ ሳህኑ በቀረበች ቁጥር ጭንቅላቷ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዝ ነበር። አፍንጫዋ ምግቡን ይነካል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይነካል። ከዚያ የፊት እግሮቿን በሰፊው ከፍታ ደረቷን ሳህኑ ላይ ታስደግፋለች። ብልሃቱን ማንም አላስተማራትም። እኔ ያደረግኩት ከባድ ሳህን መግዛትና የሚያንሸራትተው ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ብቻ ነው። የአሸዋ ሳጥኗም ጎኑ ከፍ ያለ ነበር፤ ተደግፋበት እንድትጸዳዳ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ድንገት መንገዳገድ የጀመረች፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ ጠባይዋ የተለወጠ የማታውቋት ድመት ሌላ ጉዳይ ናት። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ይይዛል። በእጅ አትንኳት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። «እስኪ ነገ ልየው» የሚባልበት አይደለም።

«ዓይነ ስውር ድመት ከግድግዳ ጋር ስትላተም ትኖራለች»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትላተማለች። ከዚያ ቤቱን በጭንቅላቷ ትይዘዋለች። ጢሟ ከግድግዳው በፊት ይነግራታል፤ ጆሮና አፍንጫዋ የቀረውን ይሞላሉ። በአንዲት ትንሽ ክፍል አስጀምሯት። ምግብ፣ ውኃና የአሸዋ ሳጥን ቦታቸው አይለወጥ። ሳትነኳት በፊት ድምፅ አሰሟት። ወንበር ማዘዋወር የምትወዱ ከሆነ እንግዲህ ተዉት።

ዝንብ ስትይዝ ግን ማየት አለባችሁ። ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ጥፍ! ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የተባለው ለእሷ ይመስለኛል።

መስማት የተሳናት ደግሞ ስትመጡ ወለሉን ብትረግጡ በንዝረቱ ታውቃለች። መኪና ሲመጣ ስለማትሰማ ለብቻዋ ውጭ አትለቀቅ። በነገራችን ላይ ነጭ ድመት ሁሉ ደንቆሮ አይደለችም። ነጭ ሆና ዓይኗም ሰማያዊ ሲሆን ዕድሉ ከፍ ይላል እንጂ።

«የጎዳና ድመት ናት፤ ነፃነቷን አትንፈጓት»

ሮጣ ማምለጥ ለማትችል ድመት ጎዳና ነፃነት አይደለም። ውሻ አለ፣ መኪና አለ። ግን በዚህ አባባል ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። የድመት ግልገል ሰውን በቀላሉ የሚለምደው ከ2 እስከ 7 ሳምንት ዕድሜው ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሰው ሳታውቅ ያደገች ትልቅ ድመት ቤት መግባቱ ከእግሯ መሰበር ይልቅ ሊያስጨንቃት ይችላል። ስለዚህ ከጉዳቷ በፊት ጠባይዋን እዩ።

«ፍቅር ካለ ሁሉም ይሆናል»

ይሄ ከደግ ሰዎች የሚመጣ ነው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

አከርካሪዋ ተጎድቶ ኋላዋ የማይታዘዝ ድመት ብዙ ጊዜ በራሷ አትሸናም። የሽንት ፊኛዋን በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ በእጅ እየተጫኑ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አያያዙን ሐኪም ያሳያል። ከተዘነጋ ሽንቷ ይታፈናል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል። እየተጎተተች ስትሄድ ቆዳዋ ይቆስላል። እናንተ ሌላ ከተማ ስትሄዱ ይሄን ማን ይሠራል? መልስ ካላችሁ ውሰዷት። ከሌላችሁ አለመውሰዳችሁ ጭካኔ አይደለም።

አዝኖ ከቤት መድኃኒት የሚሰጥም አለ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። አንድ ፍሬ እንኳ ሊበቃ ይችላል። ወተትም ቢሆን አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ሆድ ያስቀምጣቸዋል። ውኃ ስጧት።

«የሚወስዳት ከተገኘ ቶሎ መስጠት ነው»

መጀመሪያ ትምከን። ጉዳቷ ከመውለድ አያግዳትም፤ ድመት ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። ትከተብ። ከዚያ እውነቱ ይነገር። እኔ ሁለት ቪዲዮ ነው የምልከው፦ አንዱ ስትጫወት፣ አንዱ ስትወድቅ። የመጀመሪያውን ብቻ የላከ ሰው ድመቷ ትመለስበታለች። አዲሱ ቤት ስትገባ ትደበቃለች፤ ያ ጤናማ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ግን ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ትይ።

የምትንገዳገደዋን መጀመሪያ የወሰደቻት ሴት ስታያት አለቀሰች። ጥሩ ሰው ነበረች። በሁለት ሳምንቷ መለሰቻት፤ «ባየኋት ቁጥር ሆዴን ታባባኛለች፣ አልቻልኩም» ብላ። ቀጥሎ የመጣው ሰውዬ አላለቀሰም። ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ጎተተላት። ዘላ ሳተችው። ደግሞ ጎተተላት። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦

«ሶፋ ትቧጭራለች?»

«ካልሳተችው፣ አዎ።»

ሳቀና የመያዣ ሳጥኑን ከፈተ።