ሐይቅ፦ መውጫ የሌለው ውሃና ዳርቻው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ከተማዋ የተሁለደሬ ወረዳ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ካለው ውሃ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ሰው «እሁድ ሐይቅ እንሂድ» ቢል የትኛው ሐይቅ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መንገዱ ራሱ ደስ ይላል። መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ይመጣል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ነው፤ ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ አየሩም ይሞቃል። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ሐይቅ ሲደርስ ክንዱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ከከተማው እስከ ውሃው ባጃጅ አለ። ጊዜ ያለው ሰው ግን በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል።

የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ 80 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ በአገራችን ጥልቅ ከሚባሉት ሐይቆች አንዱ ነው። ከሁሉ ልብ የሚባለው ነገር ግን መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ከሐርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው የአንካርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው የሚቀንሰው በትነት ነው። ጎርፍ ከተራቆተው ኮረብታ ያመጣው አፈር እዚያው ይቀራል። ከሽርሽር የተረፈው የፕላስቲክ ጠርሙስም እንዲሁ።

በዳርቻው ያሉት መንገዶች ሰውና ከብት እየተመላለሰ ያወጣቸው ናቸው። ምልክት የላቸውም። አንዳንዱ በማሳ ጠርዝ ያልፋል፣ አንዳንዱ ሸምበቆው ውስጥ ገብቶ ጭቃ ላይ ያልቃል። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ዝም ብሎ መቆም ነው የሚያዋጣው። ትንሽ ቆይቶ ሸምበቆው ይንሿሿል፣ ዳክዬዎች አንድ በአንድ ወደ ክፍቱ ውሃ ይወጣሉ። ድምፅ ካሰሙ ተመልሰው ይገባሉ። ለእኔ የሐይቅ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማልዶ መገኘት ያስፈልጋል።

ውሃው ዳር ደረቅና ገላጣ ቦታዎች አሉ፤ ቁጭ ለማለት ይመቻሉ። ለዋና ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዳር ብዙም ሳይርቁ ውሃው ይጠልቃል። በአካባቢው ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጆች እዚያ ሲንቦጫረቁ ማየት ያሳስበኛል።

ወደ ሐይቁ የገባው ልሳነ ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገና ደሴት ነበር። በኋላ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ተያያዘ። ዛሬ በእግር ይገባል። ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ያደረጉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት ከእሳቸው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ቆይቷል፤ ዘመናቸው ከሚታወቅ ጥንታዊ የግእዝ ብራናዎች አንዱ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ከሴቶች ጋር የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው ጥሩ ነው፤ በር ላይ ደርሶ መስማት ያስከፋል።

ቆሮሶ የሚባለው አሣ የሐይቁ የቆየ ነዋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው። አሁን የአሣ አጥማጆቹ ዋና እንጀራ እሱ ነው። አጥማጁ መረቡን ሲጎትት ቆሮሶው በብር ቀለሙ ያብለጨልጫል። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ ይወጣል። በሎሚና በዳጣ፣ በእጅ እየቆረሱ ነው የሚበላው። ሹካ ይዞ ከእሾሁ ጋር መታገል ድካም ነው።

ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ ሲመሽ ይሳሳል፤ ከ11 ሰዓት በፊት መናኸሪያ መድረስ ያስፈልጋል። ጋቢውን አይርሱ፤ ቦሩ ሜዳ ላይ ይፈለጋል።