ጣልያን ገጠር ገብቶ ጣልያንኛ መማር

ስለዚህ ነገር በአማርኛ ስፈልግ የኤጀንሲ ማስታወቂያ ብቻ ስለሚመጣብኝ፣ ያነበብኩትንና ኖሬ ያየሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምህረቱም ወርና ቀኑም በሙሉ በፈረንጅ ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ሮም ወይ ሚላኖ ገብቶ ማታ ማታ ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ አፓርታማ ውስጥ ከሚታጨቅ፣ ሁለትና ሦስት ሺህ ሰው ያላት መንደር ይሄድና ከቤተሰብ ጋር፣ አለዚያ አስተማሪው ቤት፣ አለዚያም አግሪቱሪዝሞ የሚሉት እርሻ ውስጥ ያለ ማረፊያ ይቀመጣል። ጠዋት ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል ክላስ አለ፣ ከዛ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ ትምህርት ነው፣ ምክንያቱም ዳቦ ሻጯም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ፋርማሲውም እንግሊዝኛ አያወሩልህም። የገጠር ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው፣ ማምለጫ የለህም።

ግን ጣልያንኛ ራሱ የመንደር ቋንቋ እንዳልሆነ ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ዛሬ ክላስ ውስጥ የሚሰጠው ቋንቋ መሰረቱ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የፊሬንዜ አነጋገር ነው፣ ዳንቴ፣ ፔትራርካና ቦካቾ የጻፉበት። በ1583 እዛው ፊሬንዜ አካዴሚያ ዴላ ክሩስካ የሚባል የቋንቋ ማህበር ተቋቋመ፣ በ1612 መዝገበ ቃላቱን አወጣ። ክሩስካ ማለት ፉርሽካ ማለት ነው፣ ዱቄት ተነፍቶ ፉርሽካው እንደሚለይ እኛም መጥፎውን ቃል ከጥሩው እንለያለን ለማለት ነው፣ አርማቸውም ወንፊት ነገር ነው። አገሪቱ በ1861 አንድ ስትሆን ግን ይሄን የተነፋ ቋንቋ የሚናገረው ስንት ነበር? ቱሊዮ ዴ ማውሮ የተባሉት የቋንቋ ምሁር ከመቶ 2.5 ብቻ ነው ብለዋል፣ አሪጎ ካስቴላኒ ደሞ የለም ወደ 10 ይጠጋል ብለው ተከራክረዋል፣ ጠቡ በዋናነት ፊሬንዜ ያለችበት የቶስካና ክልል ሰው እንዴት ይቆጠር የሚለው ላይ ነው። የማንንም ቁጥር ብትወስድ ገበሬው በየመንደሩ የራሱን ቋንቋ ነበር የሚያወራው፣ ከመቶ ሰውም ከ70 በላዩ ማንበብ አይችልም ነበር። ጣልያንኛ ገጠር በደንብ የገባው በቲቪ ነው ቢባል ብዙ ስህተት የለበትም። የመንግስት ቲቪ ጥር 3 ቀን 1954 ጀመረ፣ ከ1960 እስከ 1968 ድረስ ደሞ አልቤርቶ ማንዚ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ መምህር ማታ ማታ በስክሪን ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስተምሩ ነበር፣ ቲቪ የሌለው ባር ቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። በ2015 የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት ባካሄደው ጥናት እንኳን ቤቱ ውስጥ ጣልያንኛ ብቻ ወይ በዋናነት ጣልያንኛ የሚያወራው ከመቶ 46 ገደማ ነው፣ 32ቱ ጣልያንኛና ዲያሌክት (የአካባቢውን አነጋገር) ያደባልቃል፣ 14ቱ በዋናነት ዲያሌክት።

ለውጭ ሰው ማስተማርን በተመለከተ ሁለት ከተሞች ይሻማሉ። ሲዬና በ1917 ለውጭ ዜጎች የበጋ ኮርስ ሰጥቻለሁ ትላለች። ፔሩጃ ላይ ደሞ አስቶሬ ሉፓቴሊ የሚባሉ ጠበቃ በ1921 ኮርሶቹን ጀመሩ፣ በ1925 በንጉሥ አዋጅ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ከ1927 ጀምሮ ፓላዞ ጋሌንጋ የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንጻ ውስጥ ነው ያለው፣ ያ ቀይ ጡቡ ከአደባባዩ ሲታይ የሚያምረው። የሲዬናው ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የቆመው በ1992 ነው፣ ስለዚህ የበኩርነቱ ነገር ለኔ ግልጽ ነው፣ ፔሩጃ የተማርኩ ስለሆንኩ ነው ካላችሁኝም አልክድም። ከሁለቱም ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኪራይ ሲወደድባቸው በዙሪያው ባሉ ኮረብታዎች ላይ ወዳሉት መንደሮች እየወጡ ቤት ይይዛሉ፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው ገጠር የገባሁት፣ አቅጄ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት አስርት ዓመታት ገበሬው ራሱ ወደ ፋብሪካ ይፈልስ ስለነበር ገጠሩ ተማሪ የሚቀበልበት ጊዜ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተው የታህሳስ 1985 የአግሪቱሪዝሞ ህግ ነው (በ2006 በሌላ ህግ ተተክቷል)፣ ገበሬው እርሻውን ሳይተው እንግዳ እንዲያሳድርና ከምርቱ እንዲያበላ ፈቀደለት። ከዛ ባዶ ክፍል ያለው የእርሻ ቤት፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪም ካለ፣ ቋንቋ ማስተማር ቻለ። ጣልያን ውስጥ ካሉት 7,900 ገደማ ኮሙኔዎች (የራሳቸው ማዘጋጃ ያላቸው ከተሞችና መንደሮች) ከመቶ 70ው ከ5,000 ሰው በታች ነው ያላቸው፣ ብዙዎቹ እያረጁ እየጠፉ ያሉ ናቸው፣ ስለዚህ በብርዱ ወራት አንድ ሰው እንኳን ሲጨመር መንደሩ ያውቀዋል። ከነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ትንሽ ስም ያላት ማርኬ ክልል ውስጥ ሜታውሮ ወንዝ ላይ ያለችው ኡርባኒያ ናት፣ ወደ 7,000 ሰው ስላላት መንደር ማለቱ ይከብዳል ግን ከተማም አይደለችም። ድሮ ካስቴልዱራንቴ ነበር ስሟ፣ በ1636 በጳጳሱ ኡርባኖ 8ኛ ስም ተቀየረ፣ በቀለም ሸክላ ስራ የታወቀች ናት፣ ለውጭ ሰው ቋንቋ ማስተማሪያም አላት።

አንድ ቀን እንዴት ያልፋል? የኔን ልናገር። ፔሩጃ ባለችበት በኡምብሪያ ክልል ያከራየችኝ ሴትዮ 80 ያለፋት ነበረች፣ መንደሩ በሙሉ ኖና (አያቴ) ነው የሚላት፣ እኔ ግን ሲኞራ (እመቤት)። የቲማቲም ሱጎዋን ከጠዋት ትጥዳለች፣ እኔ ክላስ ውዬ ስመለስ ገና እየተንተከተከ ነው፣ ማንኪያውን እንደያዘች "ዛሬ ምን ተማርክ?" ትላለች፣ ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዕድሜዬን ስነግራት ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ዓመት በጣልያንኛ አንኖ ነው፣ ነ ይጠብቃል፤ ነ ከላላ ሌላ ነገር ይሆናል፣ የመቀመጫ ቀዳዳ። እኔ ደሞ 24 ነው ያልኳት፣ በላላው።

የሚያናድደው፣ እኛ ማጥበቅና ማላላት ሊከብደን የሚገባ ህዝብ አይደለንም። ፈረንጁ ተማሪ ፔና (ሀዘን፣ ቅጣት) እና ፔንና (እስክሪብቶ)፣ ፓላ (አካፋ) እና ፓልላ (ኳስ) ጆሮው ላይ አንድ ነው፣ ወር ሙሉ ይለፋበታል። እኛ ግን አለ ብለን መናገርንና መኖርን፣ ገና ብለን በዓሉንና ያልደረሰውን በማጥበቅ ብቻ ስንለይ ነው ያደግነው። ችግሩ ፊደላችን መጥበቁን አያሳይም፣ እኔ ደሞ ደብተሬ ላይ ቃላቱን በፊደል ስጽፍ ሁለቱንም ፔና፣ ሁለቱንም ፓላ እያልኩ ራሴው አንድ አደረግኳቸው። ጆሮ ሳይሆን ደብተር ነው የጣለኝ። በላቲን ጻፉ፣ ምክሬ ነው።

ሌላም ስንቅ ይዘን ነው የምንሄደው። ጋራዥ የሰራ ሰው ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ሲል ግማሽ ጣልያንኛ እያወራ ነው። ካንዴላ እዛ ሻማም ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሲኞራ ካንዴላ አምጣ ስትለኝ መኪና የሌላት ሴትዮ የሞተር ካንዴላ ምን ልታደርግላት ነው ብዬ ቆሜ ነበር። ፒያሳና መርካቶን መቼም አትጠይቁኝ። አክብሮቱም አይቸግረንም፣ ለማያውቁት ሰውና ለሽማግሌ "ሌይ" ነው የሚባለው፣ እርስዎ እንደማለት፣ ቃሉ ግን "እሷ" ከሚለው ጋር አንድ ስለሆነ ወንዱንም "እሷ" እያሉ ሲያናግሩት ጆሮ ይገርመዋል። ደቡብ ብዙ ቦታ ደሞ ለትልቅ ሰው "ቮይ" ይላሉ፣ እናንተ እንደማለት፣ መጽሐፉ አታድርጉ ይላል መንደሩ ያደርጋል።

የዲያሌክቱ ጉዳይ የገጠር ትምህርት ትልቁ ራስ ምታት ነው። ቶስካና ንጹህ ጣልያንኛ ነው የሚባለው ወሬ አለ፣ ግን እዛ ሰዎቹ "ላ ካዛ" የሚለውን "ላ ሃዛ" ነው የሚሉት፣ ከ በአናባቢ መሃል ስትገባ ሀ ትሆናለች። ማርኬ ሰሜኑ ጋ የቃል መጨረሻ ይበሉብሃል። ደቡብ ካላብሪያና ሲቺሊያ ዛሬ ጠዋት የበላውን "ማንጃይ" ይላል፣ በላሁ፤ ሰሜኑ አያቱ በጦርነት ጊዜ የበሉትን ሳይቀር "ማንጃቶ" እያለ በልተዋል በሚለው አይነት ነው የሚያወራው፣ ክላስ ላይ ግን የቅርቡ እንዲህ የሩቁ እንዲህ ተብሎ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። የተማሪ ኡኡታ ከዚህ ነው የሚመነጨው። አንዳንድ አስተማሪዎች ለጀማሪ ገጠር አይሆንም የሚሉት ለዚህ ነው፣ እኔ አልስማማም፣ መንደርተኛው ለእንግዳ ሲያወራ ጣልያንኛውን አስተካክሎ ነው፣ ዲያሌክቱን የሚያወራው እርስ በርሱ ነው፣ እሱን መስማት ደሞ ማንንም አልጎዳ።

ጭራሽ ጣልያንኛ ያልሆነ መንደርም አለ። አዲስ አበባ የተወለደችው አጊቱ ጉደታ በ2010 አገር ጥላ ወጥታ ፍየል ያረባችበት ሰሜን ጣልያን ትሬንቲኖ ውስጥ ያለው የሞኬኒ ሸለቆ ሽማግሌዎቹ ከጀርመንኛ የተቀዳ ቋንቋ ነው የሚያወሩት። እሷ ሶስዮሎጂ ትሬንቶ ስለተማረች ቋንቋው አልቸገራትም፣ የዛን ሸለቆ ሊጠፋ የደረሰ የፍየል ዘር ይዛ አይብ እየሰራች መላው ጣልያን ያወቃት ሴት ነበረች፣ ታህሳስ 29 ቀን 2020 ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ነፍስ ይማር።

ገንዘብ ከፍሎ ሳይሆን ተሰዶ ገጠር የገባውን ተማሪ ማንሳት ካለብን ካላብሪያ ያለችው ሪያቼ ትቀድማለች። በሐምሌ 1998 ወደ 200 የሚጠጉ በብዛት ኩርዶች የጫነች ጀልባ ባህር ዳርቻዋ ላይ ደረሰች። ዶሜኒኮ ሉካኖ የሚባል የአካባቢው አስተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ማህበር አቋቁሞ ሰው ጥሏቸው የሄዳቸውን ቤቶች ለስደተኛ መክፈት ጀመረ፣ በ2004 ከንቲባ ሆነ። የሽመና፣ የሸክላ፣ የመስታወት ስራ ወርክሾፖች ተከፈቱ፣ በየወርክሾፑ አንድ የመንደሩ ሰውና አንድ ስደተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ቋንቋው እዛው ክሩ ላይ ነው የሚለመደው። ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ፣ የኛም የኤርትራም ልጆች ነበሩበት። በ2018 ጥቅምት ላይ ሉካኖ ታሰረ፣ በ2021 የ13 ዓመት ከ2 ወር ፍርድ ተፈረደበት፣ በ2023 ይግባኙ ላይ ወደ 1 ዓመት ከ6 ወር በገደብ ወረደ፣ አብዛኛው ክስ ቀረ። ደጋፊዎቹ ፖለቲካ ነው ይላሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የሂሳብ አያያዙ የተዝረከረከ ነበር ይላሉ። ይህ ሁሉ እያለ በ2024 መንደሩ መልሶ ከንቲባ አድርጎ መረጠው፣ የአውሮፓ ፓርላማም ገባ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ ከ90 ቀን በላይ ለመማር የጥናት ቪዛ ያስፈልጋል፣ ከገቡ በኋላ በ8 የስራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን ከፖስታ ቤት ኪት (ቅጾቹ ያሉበትን ፖስታ) ወስዶ ሞልቶ ማስገባት አለ። በጥናት ፈቃድ በሳምንት 20 ሰዓት መስራት ይቻላል። ቋሚ የመኖሪያ ካርድ የሚፈልግ በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ኤ2፣ ዜግነት የሚፈልግ ደሞ ከታህሳስ 2018 ወዲህ ቢ1 ደረጃ ማሳየት አለበት። ፈተናዎቹ የፔሩጃው ቼሊ፣ የሲዬናው ቺልስ፣ የዳንቴ አሊጊዬሪ ማህበር ፕሊዳ እና የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲው ናቸው፣ ሁሉም እኩል ተቀባይነት አላቸው (ቼሊን ውሰዱ)። አቅም የሌለው በየአውራጃው ያለውን የመንግስት የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ቺፒያ የሚሉትን ይጠይቅ፣ እዛ ክፍያው ከምንም አይቆጠርም።

ሰዓቱንም መምረጥ ነው። መስከረምና ጥቅምት ወይን፣ ጥቅምትና ህዳር ወይራ ለቀማ ነው፣ ቋንቋ በደንብ የሚያዘው ዛፍ ስር መረብ ዘርግቶ ከሽማግሌ ጋር ሲለቀም ነው፣ ወሬ እንጂ ሌላ ስራ የለውምና። ነሐሴ 15 አካባቢ መንደሩ ከቶሪኖና ከጀርመን በሚመለሱ ልጆቹ ይሞላል፣ ሁለት ሳምንት ጭፈራ፣ ከዛ ጭር። ጥርና የካቲት ከሄዳችሁ ማሞቂያው ስንት ሰዓት እንደሚበራ ኪራይ ሳትፈርሙ ጠይቁ፣ ወደ ከተማ የሚወርደውን አውቶቡስም ጠይቁ፣ በኛ መንደር የመጨረሻው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር፣ እሁድ ጭራሽ የለም።