ኮሶና አልቤንዳዞል፦ የሃይዳቲድ ሲስት ሕክምና በአዲስ አበባ

ሃይዳቲድ ሲስት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ የሚያድግ፣ የጠራ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። መነሻው ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የሚባለው የውሻ ትል ነው። ትሉ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ሲሆን እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣና በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውሃ ወደ ሰው አፍ ይገባል። ከረጢቱ ዓመታት ወስዶ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰውየው ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲነሳ ነው። 70 በመቶ ያህሉ ጉበት ላይ፣ 20 በመቶ ያህሉ ሳንባ ላይ ያርፋል። በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ነው።

ከተሜውን የሚያገኘው በር ግን ሩቅ አይደለም። ለፋሲካ ግቢ ውስጥ በግ ይታረዳል፤ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ያው ከረጢት፣ ይታያል፤ «ይሄንስ ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። በቄራ መርማሪው ቆርጦ የሚያስወግደው ሥጋ በየግቢው የውሻ ምሳ ይሆናል። የትሉ ዑደትም እዚያው ይሟላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ትል ከተነሳ ኮሶ ሳይነሳ አይቀርም። ከፒያሳ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው የሚያልፈው ቴዎድሮስ አደባባይ እንኳ የኮሶ ታሪክ አለው፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያለ የፎከረባቸውን ደጃዝማች ወንድይራድን ካሳ (የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ) ድል ሲያደርጉት ኮሶውን ጋቱት ይባላል። መርካቶ የሚሸጠው የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ነው፤ ደርቆ፣ ታስሮ ይመጣል። ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጥና ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የዚያን ቀን ሰውየው ከቤት አይወጣም። መተሬና እንቆቆም ለዚሁ ሥራ ይውላሉ። መጠኑ ሲበዛ ኮሶ ያስመልሳል፣ ያደክማል፤ የዓይን ነርቭ እንደጎዳም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ኮሶ የሚያሽረው ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣውን ረጅሙን የአንጀት ትል ነው፤ በአማርኛ በሽታውም መድኃኒቱም ኮሶ ይባላሉና «ኮሶ ይዞት ኮሶ ጠጣ» እንላለን። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ይመስለኛል። ሐኪሙ «ጉበትህ ላይ የትል ከረጢት አለ» ሲል ሰሚው «ትል» የሚለውን ብቻ ይዞ ወደ ለመደው ምሬት ይሄዳል። ኮሶ ግን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ትሉን ስለሚነካው ነው። ጉበት ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠውን አያገኘውም። ተክል ይሻላል ወይስ ፋብሪካ የሠራው መድኃኒት የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አንጀት ያለውን ትል ጠራርጎ የሚያወጣው ኒክሎሳማይድም ፋብሪካ የሠራው ሆኖ ሳለ ለጉበት ከረጢት አይረዳም።

ለከረጢቱ የሚታዘዘው አልቤንዳዞል ነው። ለአዋቂ በተለምዶ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለወራት ይወሰዳል፤ ጉበትንና የደም ሴሎችን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አይሰጥም። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ላለው ከረጢት ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለትልልቁ ውሃውን በመርፌ መምጠጥ ወይም ቀዶ ሕክምና ይጨመራል። ሞቶ የጠጠረውንና ምንም ችግር የማያመጣውን ደግሞ እየተከታተሉ መተው ይቻላል።

ቀዶ ሕክምናው ጥንቃቄው ብዙ ነው። ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሰውነት በድንገተኛ አለርጂ ሊደነግጥ ይችላል፤ የፈሰሰው ውሃም አዳዲስ ከረጢቶችን ይዘራል። ስለዚህ ዙሪያው 20 በመቶ ጨው ባለው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይታጠራል፤ ውሃው ይመጠጣል፤ ትሉን የሚገድል ፈሳሽ፣ የጨው ውሃ ወይም አልኮል፣ ገብቶ ለደቂቃዎች ይቆያል። ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን የመሰለ ሽፋን ተጎትቶ ይወጣል። ተክሎች የሚሞከሩትም በዚህ ቦታ ላይ ነው፦ የነጭ ሽንኩርት፣ የጥቁር አዝሙድና የጦስኝ ዘመዶች ጭማቂ በላብራቶሪ ሳህን ላይ የትሉን ጥቃቅን ራሶች ሲገድል ታይቷል። ሳህን ግን ጉበት አይደለም፤ ከረጢቱ ከሐሞት ቱቦ ጋር ከተገናኘ ጨዉም ሆነ አልኮሉ ቱቦውን አቃጥሎ ያጠብበዋል፤ የተክል ጭማቂም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም። ቀድሞ ለዚሁ ይውል የነበረው ፎርማሊን በዚሁ ምክንያት ቀርቷል።

አገር በቀል ተክል ሳይንስ ፊት ቆሞ ያልፋል ወይ ለሚል የሳይንቲስቱ የአክሊሉ ለማ እንዶድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ የሚገባው ወንዝ ውስጥ እንጂ በሽተኛው ሆድ ውስጥ አልነበረም።

ኮሶ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ አልቤንዳዞል ለከረጢት ሲሆን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አያልፍምና፤ ለአንጀት ትል ይህ አያስቸግርም፣ ለጉበት ግን ያስቸግራል። ቅባት ደም ውስጥ የሚገባውን እስከ 5 እጥፍ ይጨምራል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤና ወተት የማይነካ ሰውም ዘይት የበዛበት ሽሮ ወይም አቮካዶ ይበቃዋል።