«ተጋላጭ» ማለት «ጥቂት የቀረ» ማለት ነው?

እዚህ ጎንደር በጥናት ቡድናችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ «በአንድ መረብ በቶን የሚወጣ የጥልቅ ባሕር ዓሣ እንዴት ተጋላጭ፣ ማለትም በማጥመድ በቀላሉ የሚጎዳ፣ ይባላል?» ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው። ተጋላጭነት የሚለካው ዛሬ ባለው ብዛት ብቻ አይደለም። የተወሰደውን ለመተካት ስንት ዓመት ይፈጃል? ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን ጽድና ባሕር ዛፍን አስቡ። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል። ጽዱን ከቆረጣችሁት ግን ምትኩን የሚያዩት የልጅ ልጆች ናቸው። የጣናው ቆሮሶ ዓሣ ቶሎ ስለሚተካ ወደ ባሕር ዛፉ ይጠጋል። በኒውዚላንድ አካባቢ፣ በአብዛኛው ከ700 ሜትር በታች የሚኖረው ኦሬንጅ ራፊ የተባለው ዓሣ ግን እንደ ጽዱ ነው። ለመራባት ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል፤ ዕድሜው ከ100 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ይህ የታወቀው በጆሮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ድንጋይ ሰንጥቀው ቀለበቶቿን በመቁጠር ነው፣ ልክ እንደ ዛፍ ግንድ! ለመራባት አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ መረቡ ሞልቶ ይወጣል። ብዙ ያስመሰለው ይኸው ነው።

እስካሁን ያልኩት የተረጋገጠ ነው። ምን ያህል ቢጠመድ አይጎዳም የሚለው ግን እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ይለያያል። የጥልቅ ውሃ ዓሣ ሁሉም እንዲህ ዘገምተኛ አይደለም።