«ጌሮ ዲዮኤናክ ቤጎ ዲዮ»፦ «ይቆይ» ያለ «ይቅር» አለ

ባስኮች «ጌሮ ዲዮኤናክ ቤጎ ዲዮ» ይላሉ። አራት ቃል ናት። «ጌሮ» በኋላ ነው፤ «ዲዮኤናክ» የሚል ሰው፤ «ቤጎ» ይቅር፣ ባለበት ይቀመጥ፤ «ዲዮ» ይላል። ባስክኛ ከየትኛውም ሕያው ቋንቋ ጋር ዝምድና ያልተገኘለት፣ በምዕራብ አውሮፓ ጥግ ብቻውን የቀረ ቋንቋ ነው። እንዲያም ሆኖ ይቺ አባባል ለአማርኛ ተናጋሪ አትከብድም። የተባለው ነገር ይቀድማል፣ «አለ» ኋላ ይመጣል፣ ልክ እንደኛ። ስለዚህ ቃል በቃል ብንገለብጣት እንኳ አትሰበርም፦ «ይቆይ» ያለ «ይቅር» አለ። በባስክኛው «ጌሮ» እና «ቤጎ» ቤት ይመታሉ፤ በአማርኛው ደግሞ «ይቆይ» እና «ይቅር» በአንድ ፊደል ይነሳሉ። ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።

ላይ ላዩን ስትታይ የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር ከሚለው ምክር የተለየች አትመስልም። እኔ ግን የተለየች ናት ባይ ነኝ። ባስኮች ሰነፍን መውቀስ ሲፈልጉ ሌላ አባባል አላቸው፦ «ጌሮአ፣ አልፌራሬን ሌሎአ»፣ «በኋላ» የሰነፍ ዘፈን ነው። ይቺኛዋ ስለ ስንፍና አታወራም። «በኋላ» ያለው ሰው ነገሩን እኮ ቆርጦ ጨርሷል፣ እምቢ ብሏል፣ እምቢታውን አለስልሶ አወጣው እንጂ፤ የምትለው ይህን ነው። «እሺ ነገ»ን ጠጥቶ ላደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ማኅተም ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዋ አንድም ቀን «አይሆንም» አላለችኝም። «ነገ ብቅ በል የኔ ወንድም» ነበር የምትለኝ፣ ያውም በፈገግታ። በአራተኛው ቀን ማኅተሙን የሚመታው ሰውዬ ወር ሙሉ ፈቃድ ላይ መሆኑን ከበር ጥበቃው ሰማሁ። «ቤጎ» ማለት ያቺ ፈገግታ ናት።

አባባሏ ስትነሳ አብሮ የሚነሳ መንደር አለ። ስሙ በባስክኛ ሳራ፣ በፈረንሳይኛ ሳር ነው። የፈረንሳይኛው አጠራር ለአማርኛ ጆሮ እውነቱን የተናገረ ይመስላል፤ አገሩ ከላይ እስከ ታች ሳር ነውና። ፈረንሳይ ውስጥ ካሉት ሦስት የባስክ አውራጃዎች በአንዷ፣ በላፑርዲ ይገኛል። 51 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ላይ 2,700 ገደማ ሰው ይኖርበታል፤ ፈረንሳዮች እንዲህ ያለችውን ትንሽ የአስተዳደር ክልል ኮሙን ይሏታል። በሦስት አቅጣጫ የከበበው ስፔን ነው። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ቤራ፣ ኤቻላር፣ ዙጋራሙርዲና ኡርዳዙቢ እንደ ሳራ ሁሉ የባስክ መንደሮች ናቸው። ላሩን የሚባለው ተራራ 905 ሜትር ይሆናል፤ በእኛ ሚዛን ጉብታ ነው፣ ግን ከጫፉ ላይ ቆሞ ውቅያኖሱን ማየት ይቻላል። የድንበሩ መስመር አናቱ ላይ ያልፋል። ከ1924 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጥርሳም ሐዲድ ላይ የምትሳብ ትንሽ ባቡር ሰው ታወጣለች።

ድንበር ላይ የተቀመጠ ገበሬ ሁለት ኑሮ አለው። ቀን ከብቱን ይጠብቃል። ሌሊት ደግሞ «ጋውላና» ነበር፣ ትርጉሙ የሌሊት ሥራ፤ እኛ ኮንትሮባንድ የምንለው ነው። ሰዎቹ ግን ስሙን ሥራ ብለው ነው ያወጡት፤ እንደ ወንጀልም አያዩትም ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ለቤት ስም ማውጣት ነው። ቤቱ ስም አለው፣ ሰውየው በቤቱ ስም ይጠራል። አባባሏን በጽሑፍ ያቆያት ሰው ስም የመጣውም እንዲሁ ነው። የቤተሰቡ ስም አጌሬ ነበር፤ በ1556 ከድንበሩ ማዶ ኡርዳዙቢ ውስጥ የተወለደበት ቤት ግን አሹላር ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ፔድሮ አሹላር ብሎ ነው።

አሹላር ሳላማንካ ተማረ፣ ቀሰሰ፣ በ1600 የሳራ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኖ ተሾመ። የሾመው በርትራን ደ ኤቾ የተባለ የባዮን ጳጳስ ነው፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ ተመልሰን እንመጣበታለን። ሹመቱን የፈለገ ሌላ ቄስ «ይህ እኮ የስፔን ሰው ነው፣ የውጭ አገር ዜጋ ነው» ብሎ ከሰሰው። ክሱ እስከ ቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዘመኑ ንጉሥ አንሪ አራተኛ የፈረንሳይም የናቫርም ንጉሥ ስለሚባል፣ ኡርዳዙቢ ያለችበት የናቫር ልጅ የሆነውን ካህን ባዕድ ማለት አላዋጣም። አሹላር ረታ፣ እስኪሞትም እዚያው ኖረ። በ1609 ፒየር ደ ላንክር የሚባል የቦርዶ ዳኛ ጠንቋይ አድናለሁ ብሎ በላፑርዲ ሰው ሲያቃጥል፣ በተከታዩም ዓመት ከድንበሩ ማዶ የዙጋራሙርዲ ሰዎች ሎግሮኞ ላይ ሲፈረድባቸው፣ እሱ መሀል ላይ ባለችው ሳራ ቅዳሴ ይቀድስ ነበር።

መጽሐፉ በ1643 ቦርዶ ታተመ። ርዕሱ «ጌሮ» ነው፣ «በኋላ»። የአባባሏን አመጣጥ የሚነግረን መግቢያው ነው። አንድ ቀን ባስኮች ብቻ የተሰበሰቡበት ቦታ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ለነፍስም ለሥጋም ነገርን ከቀን ወደ ቀን እንደ ማስተላለፍ የሚጎዳ የለም የሚል ወሬ ተነሳ። ታዲያ ለባስኮች በባስክኛ አንድ መጽሐፍ ተጽፎ «ጌሮ» ያለ «ቤጎ» ማለቱን ቢያሳይ ጥሩ ነው ተባለ። ማን ይጻፈው? ሁሉም ወደ አሹላር ዞሩ። እሱም የቻለውን ያህል አመካኘ፣ አልሆነለትም።

እንግዲህ አባባሏን አሹላር አልፈጠራትም። ሲጽፋት በሰው አፍ ያለች፣ መጽሐፍ የምታስጽፍ ነገር ነበረች። የገበሬ ቃል መሆኗንም አጭርነቷ ይመሰክርላታል፤ ሊቅ ቢሆን ኖሮ ያረዝማት ነበር። እሱም አርዝሟታል፣ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አድርጎ!

ደግሞ ስለ መዘግየት የተጻፈው መጽሐፍ ራሱ ዘገየ። ሲታተም ጸሐፊው 87 ዓመቱ ነበር፣ በዓመቱ አረፈ። ያበረከተው ለዚያው ለሾመው ለኤቾ ነው፤ ኤቾ ቱር የሚባል ከተማ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ1641 ሞቷል፣ መጽሐፉ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረሰለት። በሁለት ክፍል ታስቦ የመጀመሪያው ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ክፍል፣ ማስተላለፍን ትቶ አሁኑኑ ስለ መሥራት ሊያስተምር የታሰበው፣ እስከ ዛሬ የለም። አሹላር ላይ መሳቅ ግን አልችልም። በ87 ዓመቱ በሚናቅ ቋንቋ ላይ ይህን ያህል የደከመ ሰው ነው። በዚያው መግቢያ ባስክኛ ድሃ የሆነው ስላልተጻፈበት ነው፣ ጥፋቱም የቋንቋው ሳይሆን የባስኮቹ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ከእኛ ቤት የሚገጣጠም ነገር አለ። ከአሹላር በፊት ቅዱስ አውግስጢኖስ «ነገ፣ ነገ» የሚለውን ሰው በቁራ መስሎታል። «ክራስ» በላቲን ነገ ማለት ነው፣ የቁራም ጩኸት «ክራስ፣ ክራስ» ይመስላል። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ያልተመለሰውም ቁራ ነው። እኛም ሄዶ የቀረውን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» የምንለው ከዚያው ታሪክ ወስደን ነው። አውግስጢኖስ የሰማው ጩኸቱን፣ እኛ ያየነው መቅረቱን ነው፤ ወፉ ግን ያው አንዱ ነው።

የሳራ ሰዎች ስለ አሹላር የሚተርቱት ተረትም አለ። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ እስከ 1953 ሳራ የኖረው ካህንና ተመራማሪ ሆሴ ሚጌል ደ ባራንዲያራን ከባላገሩ አፍ የባስክን ተረት ሲሰበስብ የኖረ ነው፤ ይህም ከእንዲህ ያሉት አንዱ ነው። አሹላር የተማረው ሳላማንካ ዋሻ ውስጥ፣ ዲያብሎስ ዘንድ ነው ይላሉ። ክፍያው ከባድ ነው፦ መጨረሻ የወጣውን ተማሪ መምህሩ ያስቀረዋል። አሹላር መጨረሻ ሆነ። ዲያብሎስ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ «ከኋላዬ ያለውን ያዝ» አለው። ያዘ፤ የያዘው ግን ጥላውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሞ መሬቱ ባዶ ነው፤ ጥላው የሚመለሰው በቅዳሴ፣ ኅብስቱ በሚለወጥበት ሰዓት ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ። ውስጡ በ1865 ልዑል ሉዊ ሉሲየን ቦናፓርት፣ የባስክ ቋንቋ አጥኚው፣ ለአሹላር ያስቀረጸለት ጽሑፍ ይታያል። በደወሉ ግንብ ላይ በባስክኛ የተጻፈው ደግሞ፦ ሰዓት ሁሉ ሰውን ያቆስለዋል፣ የመጨረሻው መቃብር ይሰደዋል። ሰዓት ሊያይ ቀና ያለ ሁሉ ይህን ያነባል።

አባባሏን በነፍስ ጉዳይ ብቻ የሚፈታ ሰው ግን ግማሿን ያጣታል። በመከር፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት፣ የዱር እርግቦች መንጋ ወደ ደቡብ ሲፈልስ በሳራና በኤቻላር መካከል ባለው የሊዛሪዬታ በር ላይ መረብ ይወጠራል። ማማ ላይ የወጡት ሰዎች ነጭ የእንጨት ሰሌዳ ይወረውራሉ፤ እርግቦቹ ጭልፊት መስሏቸው ዝቅ ብለው ወደ ዛፎቹ ይወርዳሉ። ያኔ መረቡ ይለቀቃል። ቀድሞ የለቀቀው መንጋውን ይበትናል፤ ዐይን እስኪከደን የዘገየም ሰማዩን ባዶ ያገኘዋል። ሰውየው ግን መንጋው እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ጠብቋል፣ እሱን «ጌሮ» የሚለው የለም።

በተራራው ጎን ያለው ፈርን የሚባለው ቅጠላም ተክልም እንዲሁ ነው። በበጋ አረንጓዴ ሳለ ማንም አያጭደውም። መከር ገብቶ ቅጠሉ የዛገ ብረት ሲመስል ነው ታጭዶ የሚከመረው፣ ለከብት ጉዝጓዝ ይሆናል። እስከዚያ መቆየት ማስተዋል ነው። ቅጠሉ ዝጎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ማጭዱም ተስሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ «ጌሮ» ያለ ግን ዝናቡ ይቀድመዋል፣ ክረምቱንም ላሞቹ ባዶ ድንጋይ ላይ ይተኛሉ።