ዝግ ድራይቨር የሚያወጡ አምራቾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ ከግራፊክስ ካርዱ ወይም ከዋይፋዩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። አንዳንድ አምራቾች ኮዱን ለማንም አያሳዩም። እንደ ሊኑክስ ያሉ፣ ኮዳቸውን ለሁሉም ክፍት የሚያደርጉ የክፍት ምንጭ ማህበረሰቦች እነዚህን አምራቾች እንዴት ይያዟቸው የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ክርክሩን የሚያበላሹት ግን ስር የሰደዱ ጥቂት አመለካከቶች ናቸው።

«እስከሠራ ድረስ ዝግ ቢሆን ምን አለበት?»

ዛሬ ይሠራል፤ ነገስ? የሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ አዲስ ስሪት ይወጣለታል። የውስጥ አሠራሩም ይቀያየራል። ከርነሉ ውስጥ ያለ ድራይቨር አብሮ ይስተካከላል፤ ለውጡን ያመጣው ሰው ራሱ ያስተካክለዋል። ዝግ ድራይቨር ግን የአምራቹን ፈቃድ ይጠብቃል። አምራቹ «ይህ ሞዴል አርጅቷል» ብሎ ድጋፉን ካቆመ፣ ምንም ያልጎደለው ዕቃ ቀስ በቀስ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ብሩን የከፈለው ተጠቃሚው ሆኖ ሳለ የዕቃውን ዕድሜ ሌላ ሰው ይወስንበታል። ይህ ያናድዳል፤ መናደዱም ተገቢ ነው።

«ኮዱን የሚደብቁት ስለሚንቁን ነው»

ንቀት የሚታይበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ድራይቨሩ ውስጥ ከሌላ ኩባንያ በፈቃድ የተወሰደ ኮድ አለ። አምራቹ ቢፈልግ እንኳ ብቻውን ሊለቀው አይችልም። እንዲህ ያለውን አምራች የሃርድዌሩን ሰነድ መጠየቅ ይሻላል። ቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2006 የግራፊክስ ካርድ አምራቹን ኤቲአይን ከገዛ በኋላ፣ በ2007 የግራፊክስ ካርዶቹን ሰነድ ለመልቀቅ ወስኗል። ሰነዱ ካለ ድራይቨሩን የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

«ካልተሰደቡ አይሰሙም»

እ.ኤ.አ. በ2012 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ የግራፊክስ ካርድ አምራቹን ኤንቪዲያን በጣቱ ሰደበ። ቪዲዮውን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን (ከርነሉ ውስጥ የሚገቡትን የድራይቨሩን ክፍሎች) ኮድ የለቀቀው ግን በ2022 ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ። የቶርቫልድስ ቅሬታ እውነት ነበር። ሆኖም በየቦታው የሚወረወረውን ስድብ የሚያነበው ኃላፊው ሳይሆን፣ እዚያው ውስጥ ሆኖ «ኮዱ ይከፈት» ብሎ የሚሟገተው መሐንዲስ ነው። እሱን ማስቀየም ለማን ይጠቅማል?

«ኮዱን ካመጡ ያለ ጥያቄ እንቀበል»

እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤኤምዲ ለስክሪን ማሳያ የሚሆን 100 ሺህ መስመር ገደማ ኮድ ይዞ መጣ። የከርነሉን የግራፊክስ ክፍል የሚመራው ዴቭ ኤርሊ አልቀበልም አለ። ኮዱ ለሌሎች ስርዓቶችም እንዲያገለግል ተብሎ በመካከለኛ ንብርብር ተጠቅልሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ኮድ ከኩባንያው ውጭ ያለ ሰው ለመጠገን ይቸገራል። ኤኤምዲ ተናዶ አልሄደም። መሐንዲሶቹ ኮዱን አሻሽለው በሊኑክስ 4.15 አስገቡት። ጥራቱን ዝቅ አድርገን ብንቀበለው ኖሮ ሸክሙን ለዓመታት የሚሸከሙት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

«ኤንቪዲያ ከፍቷል፤ ነገሩ አልቋል»

አላለቀም። የተከፈተው ከርነሉ ውስጥ የሚሠራው የድራይቨሩ ክፍል ብቻ ነው። ኩዳን (ካርዱን ለስሌት ሥራ የሚያውለውን የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) ጨምሮ ከከርነሉ ውጭ ያለው ዋናው ክፍል አሁንም ዝግ ነው። ብዙው ሥራም ካርዱ ላይ ወደሚሠራ ዝግ ፈርምዌር (ዕቃውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ተዛውሯል። ቢሆንም እርምጃው ፍሬ አፍርቷል። ኑቮ የተባለው፣ ለኤንቪዲያ ካርዶች የተጻፈ የበጎ ፈቃደኞች ድራይቨር፣ ካርዶቹ ኤንቪዲያ ያልፈረመበትን ፈርምዌር ስለማይቀበሉ፣ ከጂቲኤክስ 900 ጀምሮ የካርዶቹን ፍጥነት ማስተካከል ተስኖት ነበር። ከሊኑክስ 6.7 ወዲህ ግን ያንኑ ካርዱ ላይ የሚሠራ ፈርምዌር ተጠቅሞ ቱሪንግ የተባለው ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡ ካርዶችን ፍጥነት ከፍ አድርጎ ማሠራት ጀምሯል። ለተሠራው ማመስገን፣ የቀረውንም በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል።

«ዝግ ፈርምዌርን ማስገባት ክህደት ነው»

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ለረጅም ጊዜ ዝግ ፈርምዌሩን ከመደበኛው መጫኛ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ብዙ ሰው ሲጭን ዋይፋይ አልሠራ ይለዋል፤ ፈርምዌሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ መጫኛው ውስጥ ገባ። የማይፈልግ ሰው ሲጭን ሊያጠፋው ይችላል።