ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ?

ስለ አሜሪካ ምርጫ ወሬ ሲነሳ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የሚያሳስተው ሌላው ግማሽ ነው። ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሳንሱር ደጋግሜ የምሰማቸውን ግምቶች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ብዙ ያወጣ ያሸንፋል»

ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን ከገዛ ኪሱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን ድምፅ ሲሰጡ አሸንፎ የወጣው በትንሿ የፓስፊክ ደሴት፣ በአሜሪካን ሳሞአ ብቻ ነው። በማግስቱ ውድድሩን ተወ። ኢለን መስክም በ2025 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ምርጫ ላይ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የደገፈው ዕጩ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ።

ታዲያ ገንዘቡ ከንቱ ነው? በፍጹም። ዋና ሥራውን የሚሠራው መራጩ ኮሮጆው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ለዘመቻ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ያላገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገና በጅምሩ ይቀራል። እኛ «ዕጩዎች» ብለን የምናውቃቸው አንዴ የተበጠሩትን ነው።

ገንዘብ ይበልጥ የሚበረታው ደግሞ ማንም ዞር ብሎ በማያይበት ጓዳ ነው። ስኳርን እንይ። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ስኳርን በኮታ ትገድባለች። በዚህ የተነሳ የአገር ውስጡ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከዓለም ገበያ ይበልጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከፍላት ጭማሪ ትንሽ ናት፤ ሰልፍ አታስወጣም። አምራቾቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ጥቅማቸው ትልቅ ነው፣ ለሁለቱም ፓርቲዎች ያዋጣሉ። ስለ ፕሬዚዳንት ሚሊዮኖች ይጨቃጨቃሉ። ስለ ስኳር ኮታ ማን ይጨቃጨቃል?

«ከ2010 ወዲህ ኩባንያ ለዕጩ ያሻውን መስጠት ይችላል»

አይችልም። ኩባንያዎች ለፌዴራል ዕጩዎች በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ በ1907 የወጣው ክልከላ ዛሬም አለ። የ2010ሩ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የፈቀደው ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ፣ በራሳቸው፣ ያለ ገደብ ማውጣትን ነው። ያው «ሳይመካከሩ» የምትለዋ ቃል ላይ ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። እንዲህ ያለውን ገንዘብ የሚያወጡ ቡድኖችን አንዳንዴ የሚመሯቸው የዕጩው የቀድሞ ረዳቶች ናቸው።

«የዚያ ሕዝብ ድምፅ የታወቀ ነው»

ቴክሳስ ውስጥ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ስታር የሚባል አውራጃ አለ። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ላቲኖ ነው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን እዚያ በ60 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሸነፈች። በ2024 ትራምፕ አሸነፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን ያልመረጠ ቦታ በስምንት ዓመት ተገለበጠ። «ይሄ ድምፅ የኛ ነው» ብሎ የተኛ ፓርቲ እንዲህ ነው ጉድ የሚሆነው።

የመራጭ ቡድን አቅምም በብዛት ብቻ አይለካም። ወጥቶ መምረጡና የሚኖርበት ቦታ ይወስናል። በ2000 ፍሎሪዳን፣ በእሷም ፕሬዚዳንትነቱን የወሰነው የ537 ድምፅ ልዩነት ነው። አረጋውያን ከወጣቶች ይልቅ በብዛት ወጥተው ይመርጣሉ። ፖለቲከኞች ጡረታቸውን ለመንካት የሚፈሩት ለዚህ ነው።

«ፖስቴን ማጥፋታቸው የንግግር ነፃነቴን መጣስ ነው»

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ እንደ ማኅበራዊ ሚዲያ ያለ የግል ኩባንያን አይደለም። ይሁንና መንግሥት ፖስት እንዲያጠፋ በጓሮ በር ኩባንያውን ቢጫነውስ? ጥያቄው በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ዳኞቹ ከሳሾቹ የመክሰስ መብት እንዳላቸው አላሳዩም ብለው መለሱት። አንዱ ወገን «መንግሥት ነፃ ወጣ» ብሎ ጨፈረ፤ ሌላው «ፍርድ ቤቱ ሳንሱርን ፈቀደ» ብሎ አለቀሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ዋናውን ጥያቄ አልመለሰም።

«ሳንሱር ማለት መሰረዝ ነው»

ትዊተር የትራምፕን አካውንት በጥር 2021 ዘጋ። መስክ በ2022 ኩባንያውን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ከፈተለት። በመሃል የተቀየረ ሕግ አልነበረም። ይህ ጮክ ብሎ የሚታየው ዓይነት ነው።

ጸጥ ያሉትም አሉ። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ በግልጽ ሕገወጥ የሆነ ይዘት ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ከማኅበራዊ ሚዲያ እንዲነሳ አዘዘች። ሕጉ በ2024 በአብዛኛው በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስኪተካ ድረስ ቅጣቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። ይዘትን ያለ አግባብ ለሰረዘ ግን እንዲህ ያለ ቅጣት አልነበረም። እናንተ ኩባንያው ብትሆኑ፣ ስትጠራጠሩ ምን ታደርጉ ነበር?

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ቢጫ የዶላር ምልክት አለች። ቪዲዮው ለአብዛኞቹ አስተዋዋቂዎች አይመችም፣ ማስታወቂያውም ይቀንሳል ማለት ናት። ቪዲዮው አልተሰረዘም፤ ማንም ማየት ይችላል። ባለቤቱ ግን በሚቀጥለው ጊዜ «ሞት» ወይም «ጦርነት» የሚለውን ቃል ራሱ ቆርጦ ያወጣዋል።